የመራጮች ምዝገባ ከቅጥራችሁ ለምን ይከለከላል?

ለ፦ በአትላንታና አካባቢዋ ለምትገኙ የኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናት አስተዳዳሪዎችና ሰበካ ጉባኤያት፣ የመስጊድ ኢማሞችና ኮሚቴዎች፣ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ፓስተሮችና ሽማግሌዎች

ጉዳዩ፦ ከፓርቲ ነፃ የሆነ የመራጮች ምዝገባና ትምህርት በቅጥራችሁ እንዲፈቀድ ስለመጠየቅ

ሐምሌ 2018 ዓ.ም.፣ አትላንታ፣ ጆርጂያ

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶችና ወንድሞች፣

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።

ይህን የምንጽፍላችሁ ከእናንተው ጉባኤ የወጣን በጎ ፈቃደኞች ነን። አንዳንዶቻችን በሰንበት ትምህርት ቤት እናገለግላለን። አንዳንዶቻችን ጁምዓ የምንሰግደው ከእናንተ ኋላ ቆመን ነው። አንዳንዶቻችን እሑድ በኳየር እንዘምራለን። በሥራችን ነርሶች፣ ኡበር ነጂዎች፣ የሂሳብ ሠራተኞችና ተማሪዎች ነን። የሚያገናኘን አንድ ሥራ ነው። ሲቲዝን የሆኑ ወገኖቻችን በጆርጂያ ምርጫ እንዲመዘገቡ፣ ተመዝግበውም ድምፃቸው እንዳይባክን እናግዛለን። ማንን እንደሚመርጡ አንጠይቅም፣ አንነግርምም። ከየትኛውም ፓርቲም ሆነ እጩ ገንዘብ አንቀበልም።

በአደባባይ ለመጻፍ ያበቃን ከሜይ ቅድመ ምርጫ በፊት የገጠመን ነገር ነው። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ደጅ አንድ ጠረጴዛ እንድናቆም ፈቃድ ጠየቅን። ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ «ፖለቲካ ወደ ቅጥራችን አይገባም» ብሎ ወሰነ። ውሳኔውን በጽሑፍ ስጡን ብንል መልስ የለም። በአንድ መስጊድ «መንገድ ዳር ቁሙ፣ ፓርኪንጉ ውስጥ ግን አይሆንም» ተባልን። ሰው ከሶላት ወጥቶ ወደ ሥራው በሚሮጥበት ሰዓት መንገድ ዳር የቆመን ማን ያያል? በአንድ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ማስታወቂያችሁን እናነባለን ተብለን ሰጠን። ሳይነበብ የምዝገባው ቀን አለፈ። የማንንም ስም አንጠራም። ጉዳዩ የአንድ ቤት ሳይሆን የሁላችሁም ልማድ ሆኗልና ለሁላችሁም እንጽፋለን። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ «ዓ.ም.» ያለበት ግን በኢትዮጵያ ነው፤ ሌላም ካለ እንገልጻለን።

መጀመሪያ ስለ ፍርሃታችሁ እንነጋገር። ከየት እንደመጣ እናውቃለን። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1997ቱ ምርጫ ወዲህ በውጭ ያለው ምእመን በሀገር ቤት ፖለቲካ ስንት ጊዜ እንደተጣላ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። አብረው ያስቀደሱ ሰዎች ሰላምታ ተነፋፍገዋል። አንዱ ደብር ለሁለት ተከፍሏል። ሲኖዶሱ ራሱ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሀገር ቤትና ስደት ተብሎ ኖሮ የታረቀው በ2018 ነው፤ እርቁም የወረደው እዚሁ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ላይ ነው። ይህን ያየ አስተዳዳሪ «ምርጫ» የሚል ቃል ሲሰማ ቢደነግጥ አንፈርድበትም።

ግን እናንተ የምትፈሩትና እኛ የምንጠይቀው ለየቅል ናቸው።

ከ1954 ጀምሮ በአሜሪካ የግብር ሕግ መሠረት፣ ከግብር ነፃ የሆነ የእምነት ተቋም አንድን እጩ መደገፍም ሆነ መቃወም አይፈቀድለትም። መራጭ መመዝገብ ግን አልተከለከለም። የምርጫ ቀን ማስታወቅ አልተከለከለም። አረጋውያንን በመኪና ምርጫ ጣቢያ ማድረስ አልተከለከለም። እጩዎችን ሁሉ እኩል ጋብዞ ማነጋገርም ይቻላል። የሚጠየቀው ለማንም ሳያዳሉ መሥራት ነው። በ2025 የግብር መሥሪያ ቤቱ ለፍርድ ቤት ባቀረበው ሰነድ፣ የሃይማኖት መሪ ለገዛ ጉባኤው በአምልኮ ላይ ስለ እጩ ቢናገር ሕጉን እንደጣሰ አይቆጠርም የሚል አቋም ይዟል። እኛ ይህንንም አንለምናችሁም። ዐውደ ምሕረቱ ላይ የእጩ ስም ባይነሣ እኛም እንመርጣለን። የምንለምነው ጠረጴዛ፣ ፎርምና ሁለት ደቂቃ ማስታወቂያ ነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ እንበል፤ ሳንለው ብንቀር ለእናንተም ለእኛም አይጠቅምም። «ፖለቲካ አይገባም» የተባለው ቅጥር ለሀገር ቤት ፖለቲካ ሲከፈት አይተናል። በዚያው አዳራሽ ገንዘብ ተሰብስቧል። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ማይክ ይዞ ተናግሯል። የትኛው ባንዲራ ይሰቀል ተብሎ ሰው ሊደባደብ ደርሷል። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዝን ሰዎች በኢትዮጵያ ምርጫ ድምፅ መስጠት አንችልም። መስጠት የምንችለው እዚህ ነው። ልጆቻችን የሚማሩበትን ትምህርት ቤት የሚመራው ቦርድ የሚመረጠው እዚህ ነው። ሸሪፉም፣ ዳኛውም፣ የካውንቲው ኮሚሽነርም እንደዚሁ። ድምፅ በሌለን ቦታ በሩ ወለል ብሎ፣ ድምፅ ባለን ቦታ ሲዘጋ ዝም ብለን ማየት አልቻልንም።

አሁን በሩ ሲዘጋ ማን እንደሚጎዳ እንንገራችሁ።

ኡበር የሚነዳ አንድ ወንድማችን አለ። መንጃ ፈቃዱን ያወጣው በግሪን ካርድ ሳለ ነው። በጆርጂያ ሲቲዝን ያልሆነ ሰው መንጃ ፈቃድ ላይ «ሊሚትድ ተርም» ተብሎ ይጻፋል። ቃለ መሐላውን ፈጽሞ ሲቲዝን ሲሆን መንጃ ፈቃዱ ገና አላለቀም ነበርና አላሳደሰውም። ከዚያ ለምርጫ ተመዘገበ። ስሙ ከመንጃ ፈቃድ መዝገቡ ጋር ሲመሳከር ሲቲዝን አይደለም የሚል ወጣ። ማረጋገጫ አምጣ የሚል ደብዳቤ በፖስታ መጣለት። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ የሕግ ቃል የበዛበት ደብዳቤ ነው። ከፒዛና ከኢንሹራንስ ማስታወቂያ ጋር ተቀላቅሎ ጠረጴዛ ላይ ከረመ። በምርጫው ሰሞን ጓደኞቹ «ተወው፣ ፓስፖርትህን ይነጥቁሃል» አሉት። እሱም ቀረ። መፍትሔው ግን ቀላል ነበር፤ የአሜሪካ ፓስፖርቱን ወይም የዜግነት ሰርተፊኬቱን ማሳየት ነበር። እንዲህ ያለው ጉዳይ ፌዴራል ፍርድ ቤት ደርሷል። በኖቬምበር 2018 ዳኛ ኤሊኖር ሮስ፣ በዚህ መንገድ ሲቲዝን አይደሉም ተብለው የተያዙ ሰዎች ማስረጃቸውን ምርጫ ጣቢያው ላይ አሳይተው እንዲመርጡ አዝዘዋል። ውሳኔው ከ3,000 በላይ ሰዎችን ይነካ ነበር። ይህን ለወንድማችን የነገረው ሰው አልነበረም። እሑድ እሑድ ግን ከቤተ ክርስቲያን ቀርቶ አያውቅም።

የስማችን ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ወልደ ገብርኤል የሚለው ስም በሶሻል ካርዱ ላይ ሁለት ቃል ነው። መንጃ ፈቃዱ ላይ ተያይዞ አንድ ቃል ይሆናል። በዜግነት ሰርተፊኬቱ ላይ ደግሞ አንዱ ፊደል ተለውጧል። መሐመድ የሚለው ስም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እንኳ በተለያየ ፊደል ይጻፋል። የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚያዝ አባትና ልጅ የተለያየ የቤተሰብ ስም ይኖራቸዋል። ጆርጂያ ደግሞ የተመዝጋቢውን ስም ፊደል በፊደል የማመሳከር አሠራር ነበራት። በ2018 ምርጫ ዋዜማ 53,000 ያህል ምዝገባዎች በዚህ ምክንያት ተንጠልጥለው ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ ወደ 70 በመቶ የሚጠጉት የጥቁሮች ነበሩ። በ2019 ሕጉ ላላ ብሏል፤ የዜግነት ማመሳከሩ ግን ቀርቷል አልተባለም። ፎርም ሲሞላ አጠገቡ የተቀመጠ አንድ ልጅ «አባባ፣ መንጃ ፈቃድዎ ላይ እንዳለው ይጻፉት» ቢለው ግማሹ ችግር እዚያው ያልቃል። ጠረጴዛው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ነገር ልባችንን የነካው ነው። በኖቬምበር 2024 አንዲት እናታችን ድምፅ ለመስጠት ሄዱ። ነጠላቸውን ለብሰው፣ መታወቂያቸውን በመሀረብ ቋጥረው ነው የሄዱት። ያደረሰቻቸው ልጃቸው ነበረች። በሩ ላይ ሲደርሱ «አንድ ሰው አንድ ማሽን» የሚል ነገር ስለሰማች አብራ መግባት የማይቻል መስሏት መኪና ውስጥ ቀረች። እናታችን ስክሪኑ ፊት ብቻቸውን ቆሙ። እንግሊዝኛ ማንበብ አይችሉም። ከላይ የሚያውቁትን ስም ነኩ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ ሳያዩት አለፉት። ወረቀቱ ታትሞ ሲወጣ አጣጥፈው ሊይዙት ሲሉ ወደ ስካነሩ እንዲያስገቡ በእጅ ተጠቆሙ። ያለፉት ምን ነበር? በዚያ ምርጫ ላይ በቤት ግብር ላይ የሚወስን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነበረበት። እኚህ እናት የራሳቸው ቤት አላቸው። በየዓመቱ የቤት ግብሩ ጨመረ እያሉ ሲያማርሩ የምንሰማቸው እሳቸውን ነው።

ልጅቱ አብራ መግባት ትችል ነበር። የጆርጂያ ሕግ እንግሊዝኛ ማንበብ የማይችል መራጭ ረዳት ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳል። በፌዴራሉ የምርጫ መብት ሕግ ክፍል 208 መሠረትም እርዳታ የሚያስፈልገው መራጭ ረዳቱን ራሱ ይመርጣል። ረዳቱ አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ እስካልሆነ ድረስ ልጁም፣ ጎረቤቱም፣ ዲያቆኑም ሊሆን ይችላል። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ከማኅበረ ምእመናኑ ማስታወቂያ ጋር ቢነገር ስንት እናቶች ስክሪኑ ፊት ብቻቸውን ከመቆም ይድናሉ።

«ካውንቲው ለምን በአማርኛ አያዘጋጅም?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። በ1975 የምርጫ መብት ሕጉ ላይ የተጨመረው የቋንቋ ድንጋጌ የሚሸፍነው የስፓኒሽ ተናጋሪዎችን፣ የእስያ ተወላጆችን፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችንና የአላስካ ነባር ሕዝቦችን ነው። የአፍሪካ ቋንቋዎች የሉበትም። ብንበዛም ብናንስም በዚያ ሕግ አማርኛ አይገባም። ስለዚህ መንገዱ አንድ ነው፤ ካውንቲውን መጠየቅ። በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ በሥራ ላይ ሲውል አማርኛ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። የከተማው የምርጫ ቦርድም ለመራጮች በአማርኛ መረጃ ያወጣል። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ተደራጅተው ስለተገኙ የተቆጠሩ ናቸው። እዚህ የእኛን ሕዝብ በአንድ ጊዜ ሰብስቦ የሚያገኝ ከእናንተ ሌላ ማነው? ኮሚዩኒቲውም፣ እድሩም፣ የስፖርት ቡድኑም ተደምረው የአንድ የጥምቀት ቀን ምእመን አይሰበስቡም።

ስለ ግሪን ካርድ ያላቸው ወገኖቻችንም እናስባለን። ይህ እንዲያውም ከሁሉ ይከፋል። በጆርጂያ መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ የመራጭነት ምዝገባም አብሮ ይቀርባል። እንግሊዝኛው የማይገባው አዲስ መጤ ሁሉንም «የስ» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ሲቲዝን ያልሆነ ሰው ሲቲዝን ነኝ ብሎ ቢመዘገብ ወይም ቢመርጥ በፌዴራል ሕግ ይከሰሳል፣ የዜግነት ማመልከቻው ይበላሻል፣ እስከ መባረር ሊደርስ ይችላል። በዲቪ የመጣ፣ ቤተሰቡን ለማምጣት የሚጠባበቅ ሰው በአንድ ምልክት ሕይወቱ ሊናጋ ይችላል። የእኛ ጠረጴዛ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሲቲዝን ነዎት?» የሚል ነው። ካልሆነ ፎርሙን አንሰጥም፤ ለምን እንደማንሰጠውም ቁጭ ብለን እናስረዳለን። ጠረጴዛውን ስትከለክሉ ይህን ምክርም ከልክላችኋል።

በፖስታ ስለሚመረጠው በአጭሩ። በ2021 የወጣው የጆርጂያ ሕግ ኤስቢ 202 የአብሰንቲ ባሎት ጥያቄን ከመታወቂያ ቁጥር ጋር አያይዞታል። ጥያቄው ከምርጫው ቀን 11 ቀን በፊት መድረስ አለበት። 65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች ግን አንዴ ጠይቀው ለዚያ የምርጫ ዙር ሁሉ እንዲላክላቸው ማድረግ ይችላሉ። ከቤት የማይወጡ አረጋውያን በየደብሩ አሉ። ካህናቱ ቤታቸው ሄደው ያቆርቧቸዋል። ይህን ቀላል መረጃ ግን የሚያደርስላቸው የለም። አፓርታማ የቀየሩትም እንደዚሁ። አድራሻ ሳያስተካክሉ፣ ሳይመርጡ ዓመታት ያለፋቸው ሰዎች መጀመሪያ «ኢንአክቲቭ» ይባላሉ፣ ከዚያ ይሰረዛሉ። ማንኛውም የካውንቲው መራጭም የፈለገውን ያህል የሌሎች መራጮችን ስም ሊቃወም እንደሚችል ሕጉ በግልጽ ይፈቅዳል። የተቃወሙት ሰው ደብዳቤ ቢመጣለትና ባያነበው ምን ይሆናል?

የመብራት ሂሳብም ከዚህ ይገናኛል። ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጻዲቅ ላይ፣ ከሶላት በኋላ ሻይ ላይ፣ ሰው ሁሉ የሚያወራው የመብራት ሂሳብ ነው። በጆርጂያ የመብራትን ዋጋ የሚያጸድቀው ኮሚሽን አባላት በሕዝብ ይመረጣሉ። ያ ምርጫ በምርጫ መብት ክስ ምክንያት ለዓመታት ቆይቶ በኖቬምበር 2025 ለሁለት ወንበሮች ተካሄደ። በየቅጥራችሁ ምርጫው መኖሩን የሰማ ሰው ለማግኘት ተቸግረን ነበር።

አሁን ወደ ሌላ ነገር እንሂድ። «ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ በዚህ ጉዳይ ምን አገባቸው?» ለሚለው በዚህ ምድር የተሰጠ መልስ አለ። የምንኖርበት ጆርጂያ ራሱ ምስክር ነው። በ1962 በደቡብ ምዕራብ ጆርጂያ ለመራጮች ምዝገባ ስብሰባ በራቸውን የከፈቱ የጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት በእሳት ጋይተዋል። በ1964 በሚሲሲፒ ፊላዴልፊያ አጠገብ የነበረው የማውንት ዛየን ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ፤ ጉዳዩን ሊያጣሩ የሄዱ ሦስት ወጣቶችም ተገደሉ። ማርች 7 ቀን 1965 በአላባማ በሰልማ ከተማ ለምርጫ መብት ሰልፍ ወጥተው ድልድዩ ላይ የተደበደቡት ሰዎች የወጡት ከብራውን ቻፕል ቤተ ክርስቲያን ነው። ከፊት ከነበሩት አንዱ ጆን ሉዊስ ነበር፤ የሥነ መለኮት ትምህርት የተማረ ሰው ነው። በኋላ በኮንግረስ አትላንታን ወክሎ በ2020 እስኪያርፍ ድረስ አገልግሏል። የምርጫ መብት ሕጉ በዚያው በ1965 ኦገስት 6 ተፈረመ። ጥቁር ሁሉ በነፃ እንዲመርጥ ያደረገው ያ ሕግ ነው፤ እኛም በእሱ ጥላ ሥር ነን። ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ኦክቶበር 3 ቀን 1965፣ የኢሚግሬሽን ሕጉ ተሻሻለ። ከዚያ በፊት የነበረው ኮታ ለአፍሪካ በሩን በጣም አጥብቦ ነበር። ያ ባይሻሻል ብዙዎቻችን እዚህ አንገኝም ነበር።

በተለይ የኦርቶዶክስ አባቶቻችን ይህን ቢያስቡት እንወዳለን። በሰልማ በዚያ ወር የዩኒቴሪያን አገልጋይ የነበረው ጄምስ ሪብ ተደብድቦ ሲሞት፣ ለመታሰቢያው ጸሎት የግሪክ ኦርቶዶክስ ሊቀ ጳጳስ ያኮቮስ ተገኙ። ጥቁር ልብሰ ጵጵስናቸውን ለብሰው ከዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ጎን ቆሙ። ፎቶው ላይፍ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ። ያኮቮስ ስደተኛ ነበሩ፤ የተወለዱት በቱርክ ሥር በነበረችው የኢምብሮስ ደሴት ነው። የሚመሩት ምእመንም እንደኛው መጤ የበዛበት ነበር። ራባይ አብርሃም ጆሹዋ ሄሽልም በዚያው ወር ከኪንግ ጋር ሄደዋል። ማንም የእጩ ፖስተር አልያዘም።

ይህ ድሮ ቀርቷል ብለን አይደለም የምናወራው። በ2013 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሼልቢ ካውንቲ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ጆርጂያን ጨምሮ ብዙ ስቴቶች የምርጫ ሕጋቸውን ሲቀይሩ አስቀድመው የፌዴራል መንግሥቱን ማስፈቀድ ቀረላቸው። በ2021 እዚሁ አትላንታ በቀረበ ረቂቅ የእሑድን ቀደም ያለ ምርጫ፣ ማለትም ከምርጫው ቀን በፊት እሑድ ድምፅ መስጠትን፣ ለመቀነስ ታስቦ ነበር። የጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት ለዓመታት ከእሑድ አምልኮ በኋላ ምእመኑን በአውቶቡስ ጭነው ወደ ምርጫ ጣቢያ ይወስዱ ነበርና ተነሡ። የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን የጆርጂያ ሀገረ ስብከት በጳጳሱ በሬጂናልድ ጃክሰን መሪነት ተቃወመ፣ ሕጉ ሲወጣም ፍርድ ቤት ሄደ። በመጨረሻ በወጣው ሕግ ሁለቱ እሑዶች ቀሩ፤ ይከፈቱ አይከፈቱ የሚለው ለየካውንቲው ተተወ። ያው ሕግ በሰልፍ ለቆመ ሰው ውኃ መስጠትን ወንጀል አድርጎታል። በ2023 አንድ የፌዴራል ዳኛ ከምርጫ ጣቢያው ሕንፃ ከ150 ጫማ ርቆ በቆመ ሰልፍ ላይ ክልከላው እንዳይሠራ በጊዜያዊነት አግደዋል። ለመብቱ ከታገሉት መካከል እንደናንተው ያሉ የሃይማኖት መሪዎች ነበሩ። ልጆቻችንም ከእነሱ ልጆች ጋር ነው የሚማሩት። መቼ ነው አብረናቸው የምንቆመው?

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

የኖቬምበር 3 ምርጫ የምዝገባ መዝጊያ ኦክቶበር 5፣ ማለትም መስከረም 25 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ደመራ ሴፕቴምበር 26 ቅዳሜ ይውላል። መስቀል እሑድ ነው። ሕዝቡ ከዚያ በላይ የሚሰበሰብበት ቀን ከመዝጊያው በፊት የለም። ደመራው ሜዳ ዳር ለአንድ ጠረጴዛ ቦታ እንድትሰጡን እንጠይቃለን። ለእንቁጣጣሽም እንደዚሁ። በመስጊዶቻችን ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር 2 ባሉት ጁምዓዎች ጠረጴዛው በግቢው ውስጥ፣ ጫማ በሚወለቅበት አካባቢ እንዲቆም ይፈቀድልን። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ከአምልኮ በኋላ ፎየር ላይ ይበቃናል።

በፍልሰታ ጾም ሰው በየቀኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል። ከነዚያ ቀናት በአንዱ ከቅዳሴ በኋላ አጭር ትምህርት እንድንሰጥ ይፈቀድልን። የምናስተምረው አራት ነገር ነው፤ ማን መመዝገብ እንደሚችልና እንደማይችል፣ ስም እንዴት እንደሚጻፍ፣ ረዳት እንዴት እንደሚያዝ፣ የመጣ ደብዳቤ እንዴት እንደሚነበብ። የምንለውን በጽሑፍ አስቀድመን እንሰጣችኋለን። ጠበቃችሁ ይየው። ከውስጡ የእጩ ወይም የፓርቲ ስም ካገኛችሁ አስወጡን።

ካህናት፣ ኢማሞችና ፓስተሮች በጋራ ፈርማችሁ ለየካውንቲያችሁ የምርጫ ቦርድ አንድ ደብዳቤ እንድትጽፉ እንጠይቃለን። ደብዳቤው ሁለት ነገር ይበል፤ የመራጮች መረጃ በአማርኛ ይዘጋጅ፣ ሁለቱም የእሑድ ቀናት ይከፈቱ። ረቂቁን አዘጋጅተናል። ኦሮምኛና ትግርኛ ተናጋሪ ወገኖቻችንም ቋንቋቸው እንዲካተት የሚፈልጉ ከሆነ አብረን እንጨምረዋለን፤ ይህ የመከፋፈያ ሳይሆን አብሮ የመቆሚያ ጉዳይ እንዲሆን እንፈልጋለን።

ቫን ያላችሁ ተቋማት በቀደም ብሎው ምርጫ ሰሞን አረጋውያንን ለማድረስ አንድ ቀን እንድትመድቡ እንጠይቃለን። ሹፌር ከእኛ ነው፣ ቤንዚንም ከእኛ።

የማትፈቅዱ ከሆነ ደግሞ ምክንያታችሁን በጽሑፍ አድርሱን። የሕግ ስጋት ከሆነ መልስ አለን። ምእመኑ ይከፋፈላል የሚል ስጋት ከሆነም ተቀምጠን ለመነጋገር ዝግጁ ነን፤ ጠረጴዛው ላይ ሽማግሌ አስቀምጡ ብትሉን እንቀበላለን። ስለ ፍልሰታው ትምህርት መልሳችሁን ጾሙ ሳይገባ፣ ስለ ቀረው እስከ ነሐሴ 20 ቀን 2018 ዓ.ም. እንጠብቃለን። ፎርሙ፣ ጠረጴዛውና ሰዉ ተዘጋጅቷል።

ከአክብሮት ጋር፣

በአትላንታና አካባቢዋ የምንገኝ ከፓርቲ ነፃ የመራጮች ምዝገባ በጎ ፈቃደኞች
(የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮች፣ የመስጊድ ወጣቶችና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አባላት)